መልስ፦ የድሮውን «ሎን ዎልፍ» እንደገና ማንበብ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ከጆ ዴቨር «ሎን ዎልፍ» ተከታታይ መጻሕፍት (እየተጫወቱ የሚነበቡ ልብ ወለዶች ናቸው) የመጀመሪያው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይነበባል ወይ ላልከው፣ በደንብ ይነበባል! እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው፤ ባሉት 350 ክፍሎች ውስጥ መንገዱን የምትመርጠው አንተ ነህ። ዕድልህን ለመወሰን ዳይስ (ባለ ቁጥር የመጫወቻ ጠጠር) አያስፈልግህም፤ ዓይንህን ጨፍነህ የቁጥር ሰንጠረዡ ላይ እርሳስ ታሳርፋለህ። እኔ ከሁሉ የምወደው ጀግናው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መሻገሩን ነው። የተማርከው ችሎታ፣ ያገኘኸው መሣሪያ አብሮህ ስለሚሄድ ሲሞትብህ ከልብ ያንገበግባል። (የጋሪ ቾክን ሥዕሎች ሳትቸኩል እያቸው።) ከአሥሩ ችሎታዎች አምስቱን ስትመርጥ ፈውስን አትተው፤ ውጊያ በሌለበት ክፍል ሁሉ አንድ ነጥብ ጉልበት ይመልስልሃል። አሮጌ ቅጂ ፍለጋ ገንዘብህን አትጨርስ፤ ዴቨር ራሱ ፈቅዶ ፕሮጀክት ኤዎን የተባለ የአድናቂዎች ድረ ገጽ በኢንተርኔት በነጻ አውጥቶታል።