ስለ ድሮው የኤክስ-ሜን ጌም የጠየቃችሁኝ

ጃፓናዊው የጌም ኩባንያ ኮናሚ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስላወጣው፣ በሳንቲም ስለሚሠራው የኤክስ-ሜን ጌም ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ኤክስ-ሜን ማለት ልዩ ኃይል ያላቸው የአሜሪካ ኮሚክስ (የሥዕል ታሪክ መጽሔት) ጀግኖች ናቸው። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ እውነት ስድስት ሰው ባንዴ ይጫወትበት ነበር?

አዎ። አነስ ያሉ ማሽኖችም ነበሩት፤ ዝነኛው ግን ባለ ስድስቱ ነው። ሁለት ስክሪን አለው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጠርዛቸው መሀል ላይ ምስሉን ይቆርጠዋል። ስለዚህ የአንደኛው ምስል በመስታወት ተንጸባርቆ እንዲታይ አደረጉ። ተጫዋቹ አንድ ረጅም ስክሪን ያየ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ብዙም የማትታወቀው ጀግና ዳዝለር ጌሙ ውስጥ እያለች ዝነኛዋ ጂን ግሬይ የት ሄደች?

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ጌሙ በቀጥታ ከኮሚክሱ አልተቀዳም። መነሻው በ1989 የታየው «ፕራይድ ኦቭ ዘ ኤክስ-ሜን» የተባለ የሙከራ ካርቱን ነው። ሳይክሎፕስ፣ ዎልቨሪን፣ ስቶርም፣ ኮሎሰስ፣ ናይትክሮለርና ዳዝለር፣ ጌሙ ላይ የምትመርጣቸው ስድስቱም ጀግኖች ከዚያ የመጡ ናቸው። የጌሙ ዋና ጠላት ማግኔቶ የሚጠልፋት ኪቲ ፕራይድም እንደዚያው። ካርቱኑ ግን አንድ ክፍል ታይቶ በዚያው ቀረ። (ካናዳዊው ዎልቨሪን እዚያ እንደ አውስትራሊያ ሰው ነው የሚያወራው። ማን እንዳሰበው እንጃ!) ጌሙ በወጣበት ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ቲቪ ጣቢያ ፎክስ ጂን ግሬይና ሮግ ያሉበትን ሌላ ካርቱን ጀመረ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ስለሆነ ነው ዳዝለር እንግዳ የምትመስለው።

ጥያቄ፦ ልዩ ኃይሌን ስጠቀም ላይፌ ለምን ይቀንሳል?

ለሳንቲም ነዋ! ላይፍህ ቶሎ ካለቀ ቶሎ ትከፍላለህ። የጃፓኑ ቅጂ ርኅሩኅ ነው፤ ጠላት ስትመታ ላይፍና ኃይል የሚሞላ ነገር ይጥልልሃል። አሜሪካ የተሸጠው ላይ ይህ የለም። ለእኔ የጃፓኑ ይሻላል፤ ኃይሉን ሳትሳሳ ትጠቀማለህ።

ጥያቄ፦ የሴጋው ኤክስ-ሜንስ ያው ነው?

አይደለም፣ ቤት ውስጥ ቲቪ ላይ ተሰክቶ ለሚሠራው የሴጋ ማሽን የወጣው የ1993ቱ ሌላ ጌም ነው። እሱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። መጨረሻው አካባቢ ኮምፒውተሩን ሪሴት አድርግ (እንደ አዲስ አስጀምር) ይልሃል። ብዙ ልጅ ስክሪኑ ላይ ቁልፍ ሲፈልግ ውሏል። የሚፈለገው ግን የራሱ የሴጋው ማሽን ሪሴት ቁልፍ ነው! እሱንም ነካ አድርገህ መልቀቅ ነው፤ ከቆየህበት ጌሙ ከዜሮ ይጀምራል። ኖማድ በተባለው በእጅ በሚያዘው ሴጋ የሚጫወቱት ደግሞ እዚያው ተቸንክረው ቀሩ፤ ኖማድ ሪሴት ቁልፍ የለውም።

ጥያቄ፦ የኮናሚው ዛሬ ይገኛል?

በ2010 ለቤት ጌም ማሽኖቹ ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ወጥቶ ነበር፤ በኢንተርኔት ስድስት ሆኖ መጫወትም ይቻል ነበር። በኋላ ከሽያጭ ተነሣ። ያኔ የገዛ ጓደኛ ካለህ እሱ ቤት ሂድ።