የጫካ ራሊ ከየት ቆሞ ይታያል?

«ጋሼ፣ የጫካ ራሊ ለማየት የት ብንቆም ይሻላል?» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የላከው የእህቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን ፊንላንድ ይማራል። በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ዩቫስኪላ በምትባል ከተማ ዙሪያ ባሉት ጫካዎች የፊንላንድ ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር ይካሄዳል። እሱና ጓደኞቹም ተጠራርተው ሊሄዱ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ መንገድ ስቀይስ ስለኖርኩ እኔን መጠየቁ ደግ አደረገ። መጀመሪያ ሁለት መስመር ጽፌ ልልክለት አስቤ ነበር። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እንግዲያው ለሱም፣ እንደሱ መኪና ለምትወዱ ልጆችም ይሁን ብዬ ረዘም አደረግሁት።

ህዳር 1978 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1985። ለቅየሳ ትምህርት ተልኬ ሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል ነበርኩ። በዚያ ሰሞን አር ኤ ሲ የሚባለው የእንግሊዝ ትልቁ ራሊ በኪልደር ጫካ ያልፋል ተባለ። ኪልደር እንደኛ ወፍ ዋሻ ጽዱም፣ ዝግባውም፣ ኮሶውም ራሱ የበቀለበት ደን አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1926 ጀምሮ በሰው እጅ የተተከለ ነው። አብዛኛው ዛፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ረድፉ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ በቀንም ጨለማ። ግንድ ለማውጣት የተሠራው ጠጠር መንገድ ጫካውን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል። ራሊው የሚሮጠው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ዘመኑ ግሩፕ ቢ የሚባሉት እጅግ ጉልበተኛ የራሊ መኪኖች ዘመን ነበር። የጣሊያኑ ኩባንያ ላንቺያ ዴልታ ኤስ 4 የምትባል አዲስ መኪና ይዞ መጥቷል። በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው እዚያ ነው። ክብደቷ 900 ኪሎ አይሞላም፤ ጉልበቷ ግን ከ450 ፈረስ ያልፋል። ከሚነዷት አንዱ ሄንሪ ቶይቮነን ነበር፤ የፊንላንድ ልጅ፣ የ29 ዓመት ወጣት። ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።

እኔ ደግሞ ከመሄዳችን በፊት 1 ለ50,000 የሆነውን የአካባቢውን ካርታ ገዛሁ። ያገራችንም ካርታ ልኬቱ ያው ነው፤ ግን የኛ ኮንቱር፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየው መስመር፣ በየ20 ሜትሩ ሲሰመር የእነሱ በየ10 ሜትሩ ነው። ያንን ሳይ አገሩ እጄ ላይ የተዘረጋ መሰለኝ። ከአስፋልቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ አንድ ሸንተረር አገኘሁ። መንገዱ ከታች ይመጣል፤ የሸንተረሩን አፍንጫ ይዞራል፤ ከዚያ በጀርባ በኩል ይወጣል። አናቱ ላይ የቆመ ሰው አንዱን መኪና ሦስት ጊዜ ያየዋል። ዛፍ ይጋርደው እንደሆነ ግን ካርታው አይናገርም። የትምህርት ክፍላችን መሣሪያ ጠባቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወንድማቸው ጫካ ውስጥ ይሠራል። ካርታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩትና «ያ ጎን ባለፈው ዓመት ተቆርጧል፤ ገላጣ ነው። እኔም እዚያው ነኝ» አሉኝ። ቦታውን በእርሳስ ከበብኩት።

የሄድነው በተማሪዎች አውቶቡስ ነው። ስንደርስ የቡድኑ አስተባባሪ ማንም እንዳይነጠል፣ ሁላችሁም መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ ቁሙ አለ። ብለምነው፣ ካርታ ባሳየው፣ እምቢ አለ። እዚያ ኩርባ ላይ ሰው አምስትና ስድስት ረድፍ ቆሟል። ከፊቴ አንድ ረዥም ሰውዬ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሶ ተገትሯል። የኮፍያው ስፌት አንድ ጎኑ ላይ ተተርትሮ በነጭ ክር ተለቅሟል። እስካሁን ሳልረሳው አለሁ፤ ሌላ የማየው ነገር አልነበረማ!

መጀመሪያ ብርሃን መጣ። ከሩቅ የዛፎቹ ግንድ ነጣ፤ ጥላቸው መሬቱ ላይ ሮጠ። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጫካ ድምፅ ይውጣል፤ አንዳንዴ የምትሰሙት መኪናው አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ሕዝቡ አንድ ላይ ወደኋላ ገፋ። ጠጠር የሰዎቹ ልብስ ላይ ጠጠጠ አለ፤ የፊተኞቹ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። ትኩስ የነዳጅና የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። አለቀ። አንዱ «ቶይቮነን! ቶይቮነን ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ የቢጫውን ልብስ ጀርባ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ሽማግሌው ሲያወሩኝ ዋሉ። መኪናዋ አፍንጫውን ስትዞር ኋላዋ እንዴት እንደተንሸራተተ፣ ዳገቱን ስትይዝ አራቱም ጎማ አፈር እንዴት እንደቧጠጠ፣ ሁሉንም በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። ሰው የነበሩት አሥራ አምስት አይሞሉም አሉኝ። ቶይቮነን ራሊውን አሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1978 ዓ.ም. ኮርሲካ ላይ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተቃጠለ፤ እሱም ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶም ሞቱ። በፈረንጆቹ 1986 ማብቂያ ላይ ግሩፕ ቢ ከዓለም ሻምፒዮና ተከለከለ። ሌላ ጊዜ አየዋለሁ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁጭቴ ይኸው ነው፤ ቦታው በእርሳስ ተከቦ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ልጆች፣ መጀመሪያ ካርታ። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ እኛ ሳምንት የሚፈጅብንን በአንድ ምሽት ትጨርሳላችሁ። ግን «ሎኬሽን ላክልኝ» ማለት አበዛችሁ። ሌላ ሰው የላከላችሁ ነጥብ ወደ ቦታው ያደርሳችኋል እንጂ ለምን እዚያ እንደምትቆሙ አይነግራችሁም። አዘጋጆቹ የተመልካች ቦታ በካርታ ያወጣሉ። ከዚያ ጀምሩ፤ ከዚያም አትውጡ። ከተፈቀዱት ውስጥ የሚበጀውን መምረጥ ነው የእናንተ ሥራ። ኮንቱሩን እዩ። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ጎን ገደል ነው። መንገዱ ከእናንተ በታች እንጂ ከእናንተ በላይ እንዳይሆን። ዛፉ መቆረጡን ደግሞ ያገሩን ሰው ጠይቁ።

ከእንግሊዝ ስመለስ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በደሴ መስመር ላይ ነው። ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ካለፈ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው መኪና አይታይም። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ሲከቡት ነበር ትንፋሻችን የሚመለሰው። ያ ቆሎ፣ ሱፉ ተቀላቅሎበት ሲመጣ፣ ከየትም አገር ምግብ አይተካም።

እዚያ መንገድ ላይ ነው ትልቁን ነገር የተማርኩት። የጭነት መኪና የወደቀበትን ቦታ ያካባቢው ሰው ሁሉ ያሳያችኋል። ጥፋቱ ግን እዚያ አይጀምርም። ከሁለትና ከሦስት ኩርባ በላይ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው በፍሬን ወርዷል። ፍሬኑ ግሏል። አንዱን ኩርባ እንደምንም አልፎታል፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ፍሬኑ እምቢ ይለዋል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የተመታውን ግንብ ብቻ አይቶ የሚጠግን መሐንዲስ በዓመቱ ተመልሶ ይጠግነዋል።

ራሊ ላይም እንዲሁ ነው። ነጂው አንደኛውን ኩርባ አበላሽቶ ይገባና ያድነዋል፤ ግን መኪናው ሳይስተካከል ሁለተኛው ይደርሳል። የሚወጣው እዚያ ነው። ሁለተኛዋ ኩርባ ትንሽ ናት፤ የማያውቅ ሰው አደጋ የላትም ብሎ ዳሯ ላይ ይቆማል። ጉብታም እንደዚያ ነው። መኪናው ዘሎ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ አያርፍም፤ ከማረፊያው በኋላ ያለው ሃምሳና ስልሳ ሜትር መቆሚያ አይደለም። ስለዚህ መንገዱ ሳይዘጋ በጠዋት ድረሱና ከመረጣችሁት ቦታ ተነስታችሁ መኪናው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሂዱ። ከእናንተ ኩርባ በፊት ምን አለ? ድልድይ? ጉብታ? ረዥም ቀጥታ? መኪናው ምን ሆኖ እናንተ ጋ እንደሚደርስ የሚነግራችሁ ያ ነው።

ከዚያ ተመለሱና እግራችሁ ሥር ያለውን እዩ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጨርሳል። ሰው እስኪደነግጥ ድረስ ሰከንዷ አልቃለች። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እርምጃችሁ ነጻ ትሁን። ከኋላችሁ ቦይ፣ ጉቶ ወይም የተከመረ ግንድ ካለ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ግንድ ክምር ላይ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይንከባለላል። ከኩርባው ውጭ በኩል አትቁሙ የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አላነሳውም።

አባቴ ጥምቀት ላይ ጉግስ ሊያሳየኝ ሲወስደኝ ከሜዳው ዳር አቁሞኝ አያውቅም። ተረተሩ ላይ አውጥቶ ድንጋይ ላይ ያቆመኛል። እኩዮቼ ከታች የፈረሶቹ አቧራ እየነካቸው ይጮሃሉ፤ እኔ በቅናት እበግናለሁ። እሱ ግን «ፈረስ ሲስት ሰው አይመርጥም» ይለኝ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረው። ሰጋር ነው፤ አንኮበር ድረስ ሲወስደን ላብ አይታይበትም ነበር። የፈረስ ነገር ከተነሳ አላቆምም፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

በ1986 መጋቢት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፖርቱጋል ውስጥ ሲንትራ አጠገብ የሆነውን ማወቅ አለባችሁ። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሰዉ መኪናው እስኪደርስ መንገዱ መሐል ቆሞ ይጠብቅና በመጨረሻዋ ሰዓት ይከፈላል። ያገሩ ነጂ ዡዋኪም ሳንቶስ ሰው ላለመንካት ሲል ፎርዱን መቆጣጠር አቃተውና ሕዝቡ ውስጥ ገባ። ሦስት ሰው ሞተ፤ ከ30 በላይ ቆሰለ። የፋብሪካ ቡድኖቹ ነጂዎች አንወዳደርም ብለው ወጡ። ያኔ ካሜራ ያለው ስልክ አልነበረም። ዛሬ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን የሚቀርጽ ልጅ ሳይ አንጀቴ ነው የሚላወሰው። ኧረ ተዉ! ሺህ ቪዲዮ አለ፤ በዓይናችሁ እዩት።

አንድ ቦታ ምረጡና ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ሁኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሯሯጥ ሰው ትራፊክ ውስጥ ይውላል። መጀመሪያ ሦስት ዜሮ፣ ሁለት ዜሮ፣ አንድ ዜሮ የተጻፈባቸው የደህንነት መኪኖች ያልፋሉ። እነሱ መጡ ማለት መንገድ መሻገር ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ፈጣኖቹ በየተወሰነ ደቂቃ ይመጣሉ፤ ቀስ የሚሉት ወደኋላ ናቸው። ፈጣኖቹ አለፉ ብላችሁ አትውጡ። ልምድ የሌለው ነጂ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ከመንገድ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አንድ ቦታ ያልኩት ግን ለጠዋቱ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱን መንገድ ከሰዓት በኋላ ይደግሙታል። ያኔ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። የጠዋቶቹ ጎማዎች ጠጠሩን ጠርገው ድንጋይ አውጥተዋል፤ ቦይ ቆፍረዋል። በፈረንጆቹ 2024 ፊንላንዳዊው ነጂ ካሌ ሮቫንፔራ የገዛ አገሩን ራሊ እየመራ፣ በመጨረሻው ቀን፣ መንገዱ ውስጥ የነበረ ድንጋይ መትቶ ዛፍ ውስጥ ገባ። ያሸነፈው ሴባስቲያን ኦዥዬ ሆነ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት አስተናባሪዎቹ ሲፈቅዱ ውረዱና መንገዱን እንደገና እዩት። አዲስ ድንጋይ ከእናንተ በላይ ባለው ኩርባ ላይ ከወጣ ቦታ ቀይሩ። እኔ ብሆን ያለ ድንጋይም እቀይር ነበር፤ በጠዋት ያየሁትን ኩርባ ከሌላ በኩል ማየት ያጓጓኛላ።

ጋቢ መያዝ አትርሱ። ሐምሌም ቢሆን የዝናብ ልብስ ያዙ፤ በሶም ቢኖር ጥሩ ነው። ፉጨት መኪና መጣ ማለት ነው፤ ስትሰሙ ወሬ አቁሙ። ከመካከላችሁ አንዱ ዘወትር ወደ ላይ፣ መኪናው ወደሚመጣበት ይይ፤ ተራ ግቡ። የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ውድድሩ ሲያልቅ የመዝጊያው መኪና ሳያልፍ መንገዱ ላይ አትውረዱ። እሱ ካለፈም በኋላ የመንገዱን ዳር ይዛችሁ ሂዱ፤ የተበላሹትን ጎትተው የሚያወጡ መኪኖች በዚያው መንገድ ይመጣሉ።