«ዝም ብሎ ዲዛይን ነው»

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤት መጣና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ከትከሻው እስከ ክርኑ የሚጠማዘዝ ጥቁር ንቅሳት ነው። ያምራል፤ አልዋሽም። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ትርጉም የለውም ጋሼ። ዝም ብሎ ዲዛይን ነው። ከስልክ ላይ ነው ያገኘሁት።»

ልጆቼ፣ ይህን ያስጻፈኝ ያ «ዝም ብሎ» ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስጎብኚ ነበርኩ። ከወደቡ በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን፣ ሲመች ደግሞ ደቅ ደሴት ድረስ ወደ ናርጋ ሥላሴ። በእነዚያ ጀልባዎች ላይ ብዙ ዓይነት ንቅሳት አይቻለሁ። ስለዚህ አትነቀሱ ልላችሁ አይደለም። ዘሌዋውያን 19፥28ን እየጠቀሱ የሚቆጡ አንድ ቄስ አውቃለሁ፤ የእናታቸው ግንባር ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበር። እሱን ለእሳቸው ልተወው። መርፌው ግን ዓይናችሁ እያየ ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ይሁን። የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም በመርፌ ይተላለፋል።

የልጁ ክንድ ላይ ያለው የኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ነገር ነው። ሞኮ ይሉታል። ያስረዳችኝ ከዚያው አገር የመጣች እንግዳ ናት። ሞኮ የዘር ሐረግ ነው፤ ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ጎሣ እንደመጣ መስመሩ ይናገራል። ናናያ ማሁታ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒው ዚላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስትሆን ሞኮዋ አገጯ ላይ ነበር። ዘመዶቿ ያነቡታል። የእህቴ ልጅ እንግዲህ የማን ዘር እንደሆነ ክንዱ ላይ ጽፎ ይዞራል፣ የማን እንደሆነ ግን እሱ ራሱ አያውቅም።

ማኦሪዎች ለሌላው ሰው ኪሪቱሂ የሚሉት አላቸው። አሳሳሉ የእነሱ ነው፣ የማንንም ሐረግ ግን አይሸከምም። የጣና ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቱም ወንዱም ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ሥዕሉን እንደ ልቡ ያያል። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባም። ሁለቱም የአንድ ሐይቅ ገዳማት ናቸው፤ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ ይጠየቃል።

«እዚህ ማን ያውቃል ጋሼ?» አለኝ። እዚህ ማንም ላያውቅ ይችላል። ንቅሳት ግን አብሯችሁ ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስሪ ላንካ አንዲት እንግሊዛዊት ቱሪስትን ክንዷ ላይ የቡድሃ ሥዕል ስላለ አስራ አባራታለች። በኋላ ፍርድ ቤት ካሳ ፈረደላት። እኔም መታሰር ነበረባት አልልም። በሰው አገር የሚመለክበትን ነገር ለጌጥ ማድረግ ግን እንዲህ ያለ መዘዝ አለው።

በእኛም ነገር ተቀልዷል። አንድ ፈረንጅ ወጣት «ሰላም» ሊያስነቅስ ፈልጎ፣ ነቃሹ ፊደላችን እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ መስሎት «ምላሰ» ብሎ ጽፎበታል። ጀልባ ነጂያችን «ምላስ» ብሎ አነበበውና ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔ ደግሞ ልጁ ሲጠይቀኝ «በጣም ቆንጆ ነው» አልኩት። ጉርሻው እንዳይቀርብኝ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ፊደላችንን ወዶታል፤ የጎደለው አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው መጠየቅ ብቻ ነበር። እኔም ስጠየቅ ዋሸሁት።

እኛስ? ባሕር ዳር ላይ ታንኳ የሌለበት ነገር የለም። ቲሸርት ላይ አለ፣ የሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፣ አሁን ደግሞ የልጆቻችን ቁርጭምጭሚት ላይ መጣ። ታንኳን ከደንገል በመሥራት የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ሲናቁ፣ አብሯቸው ማዕድ መቁረስ እንደ ነውር ሲቆጠር የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታንኳውን ገላችሁ ላይ ማድረግ ካማራችሁ መጀመሪያ ሂዱና ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ጠይቋቸው። ቡና ከጋበዟችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ይህ ከከበዳችሁ ንቅሳቱን ተዉት።

ይህን ስል እኔ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም።

እናቴ አንገቷ ንቅሳት ነበር። ድዷም ጉራማይሌ ነበር፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ቀላ ያለ። (ዛሬ ጉራማይሌ ሲባል አማርኛና እንግሊዝኛ መቀላቀል ብቻ ይመስላችኋል።) የተመረቅኩ ዕለት ከገጠር መጣች። ጓደኞቼ ባላገር እንዳይሏት ፈርቼ «እማ፣ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥሚው» አልኳት። ምንም አላለችም። ጠመጠመችው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ፈረንሳዊት ሰዓሊ ይዤ ዘጌ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የአንዲት እናት አንገት አይታ ቆማ ቀረች። ፎቶ አላነሳችም። አስፈቅዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ማን እንደነቀሳቸው፣ በምን እንደነቀሳቸው፣ ስንት ቀን እንዳበጠባቸው ትጠይቅ ጀመር። እኔ አስተረጉማለሁ። «በመርፌና በጥላሸት» አሉ፤ ያለቀሱትን ለቅሶ እያስታወሱ ሳቁ። እሷም ልትነቀሰው ብትችል ደስ እንደሚላት ስትነግራቸው ትንሽ አሰቡ። «መስመሩን ውሰጂው ልጄ፣ አምሮብሽ ኑሪ። መስቀሉን ግን ካላመንሽበት ተዪው።» ሰዓሊዋ መስመሩን ብቻ ሳለች። እኔም «እንዴት ያምራል!» አልኳት። ከልቤ ነበር።

በጀልባ ስንመለስ የእኔም እናት ተነቅሳ እንደነበር ነገርኳት። ያኔ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ሰዓሊዋ ደብተሯንና እርሳሷን ሰጠችኝ፤ «የእሷ እንዴት ነበር? ሣልልኝ» አለች።

እርሳሱን ይዤ ቆየሁ። ዙሩ ሦስት ይሁን አራት፣ መስቀሉ መሐል ይሁን ጎን አላውቅም። ቤት እንደገባሁ የምረቃ ፎቶዬን ከሣጥን አወጣሁ። ነጠላው እስከ አገጯ ድረስ ተጠምጥሟል።