ባለቤቴ ሳይነግረኝ «ጋሼን» ለሽያጭ አወጣው

ጥያቄ፦

የ45 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። መኪናችን ፎር ባይ ፎር ነው፤ ዕድሜው 22 ዓመት ሆኖታል። የገዛነው የዛሬ 17 ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነው። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል። በረሃ አቋርጠንበታል፣ ወንዝ ተሻግረንበታል፣ ዝናብ ሲይዘን ውስጡ አድረናል። ባለፈው ዓመት እኔ ጎትጉቼ ሞተሩን አስወርደን አሠራነው። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት። ባለፈው ሳምንት ግን ባለቤቴ ፎቶ አንስቶ ለሽያጭ እንዳወጣው ከጎረቤት ሰማሁ። መኪናውን ሳይሆን እኔን ሊሸጥ የተነሳ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገርንም። ትልቁ ልጄ «በቃ ሽጡት» ይላል። የ8 ዓመቷ ትንሿ ታለቅሳለች። ሞኝ ሆኜ ነው? ብረት አይደል እንዴ?

መልስ፦

«አንቱታውን ተወውና እንደ እህትህ አማክረኝ» ብለሻልና አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

ሞኝ አይደለሽም። ብረት መሆኑን በተመለከተ፣ አዎ ብረት ነው። ሰው ግን ልቡን ብረት ላይም ይጥላል። እኔ ራሴ መናገር ካቆመ ስድስት ዓመት ያለፈው ሬዲዮ መደርደሪያዬ ላይ አለ። የሚጥለው ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ።

ደብዳቤሽ ስድስት ገጽ ነበር። ከላይ ያወጣሁት ጭማቂውን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መኪናው ይዞታ የጻፍሽው አራት መስመር ብቻ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም ከሥር ያለው የብረት አጽም፣ ዝገት ጀምሮታል፣ ሞተሩ ከተሠራ በኋላም ዳገት ላይ ይግላል፣ ፍሬኑ ደህና ነው፣ ከኋላ ያለው ወንበር ፊትን ወደ ጎን አዙሮ የሚያስቀምጥ የጎን ወንበር ነው። የቀረው በሙሉ ጉዞ ነው። ደስ ብሎኝ አነበብኩት፣ እውነቴን ነው። ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ካለፉት አራት ዓመታት አንድም ጉዞ አልጻፍሽልኝም።

የመጨረሻው ሞተሩ ግሎ መንገድ ላይ ያደራችሁበት ነው። ስለዚያ ሌሊት አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሻል። ልጆቹ ኮፈኑ ላይ ተኝተው ኮከብ ሲቆጥሩ፣ ትንሿ ቁጥሩ አስር ላይ ሲያልቅባት እንደገና ከአንድ ስትጀምር። «የሕይወቴ ምርጥ ሌሊት» ብለሽዋል። ከዚያ ታች፣ እንዲያው በጨረፍታ፣ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ባለቤቴ ግን ያቺን ሌሊት ሳነሳበት አይወድም።»

እዚህ ጋ ቆምኩ። ለኔ የደብዳቤሽ ቁልፍ እሷ ናት።

ያን ሌሊት እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ እዪው። ኮፈኑ ላይ ኮከብ እየቆጠረ አልነበረም። መኪናው ሥር ነበር። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ውኃው ራዲያተሩ ውስጥ ይግባ ወይስ ለልጆቹ ይቀመጥ ብሎ የሚያሰላው እሱ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን ይዞ ጨለማ ውስጥ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም እንዳይታይ መጠንቀቅ አለበት። ምናልባት እናንተ በደስታ ያደራችሁት እሱ ፍርሃቱን ስለዋጠላችሁ ይሆናል። ባለቤትሽን አላናገርኩትም፣ ስለዚህ ይህ ግምቴ ነው። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ «እንሂድ» ብሎ ያውቃል? በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። አንቺ ቤተሰቡ ሥራ ስለበዛበት ጉዞው የቆመ ይመስልሻል። እኔ ጉዞው የቆመው ያን ሌሊት ይመስለኛል።

እንግዲህ አንድ መኪና ነው፣ ትዝታው ግን ሁለት። አንቺ በሩን ስትከፍቺ የልጆችሽ ልጅነት ይሸትሻል። እሱ ቁልፉን ሲያዞር «ዛሬስ የት ያቆመን ይሆን?» ይላል። ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። ችግሩ፣ አንዳችሁም ለሌላው አልነገራችሁም።

ይህ ማለት ያደረገው ልክ ነው ማለት አይደለም። ልክ አይደለም። የጋራ ንብረት፣ ያውም እንዲህ ያለ ንብረት፣ ከሚስት ተደብቆ ለሽያጭ አይወጣም። ከጎረቤት መስማትሽ ደግሞ ቁስሉን አብሶታል። ይህን በግልጽ ንገሪው፤ «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብለሽ ሳይሆን «ለምን ሳትነግረኝ?» ብለሽ። ሁለቱ ጥያቄዎች ከተደባለቁ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይውጠዋል፣ ከዚያ ስለ ዝገት ስትጨቃጨቁ ታመሻላችሁ። ግን አንቺም አንድ ነገር አምነሻል። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሊያነሳው ሞክሮ «ወሬውን ቀየርኩበት» ብለሻል። በር ሲዘጋበት በመስኮት ገባ። በመስኮት መግባቱ ጥፋት ነው፤ በሩ መዘጋቱም መነሳት አለበት።

ለምን ይህን ያህል አመመሽ? እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1951 ሕፃናት ያለ እሷ አንተኛም ስለሚሏት ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊት ባቀረበው ጽሑፍ አንድ የሚገርም ነገር አስተውሏል። እናቶች ያቺን ብርድ ልብስ ቆሽሻ፣ ሸትታ እንኳ ይተዋታል። ከታጠበች ለልጁ ሌላ ነገር ትሆንበታለችና። ማንም መንጠቅ የለበትም። ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ትርጉሟን እያጣች ትሄዳለች። ልጁ አይረሳትም፣ አያለቅስላትምም።

አንቺ ደግሞ የኋላውን ወንበር ልብስ አላስቀይርም ብለሻል። ትልቁ ልጅሽ በሦስት ዓመቱ ቀለም የደፋበት ነው። ይገባኛል። የጋሼ ጊዜ ገና ካንቺ ዘንድ አልደረሰም ነበር፤ የሽያጭ ማስታወቂያው ቀድሞ ደረሰ። ሕመሙ መንጠቁ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። ስለ ገንዘቡ የጻፍሽው ላይ ልብሽ እያታለለሽ ነው። በሁሉም ሰው ላይ የሚሆን ነው፣ አትፈሪ። ገዥ ተብዬው የሰጠውን ዋጋ «ስድብ ነው» ብለሻል። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከተማሪዎች ግማሹን አንዳንድ የሻይ ኩባያ ሰጧቸው። ኩባያው ከደረሳቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ሽጡ ሲባሉ የጠየቁት ዋጋ ገዥዎቹ ሊከፍሉ ከፈለጉት እጥፍ ገደማ ሆነ። ለጥቂት ደቂቃ ኩባያ እጥፍ ከጠየቁ፣ ለ17 ዓመት ጋሼ ስንት እጥፍ ትጠይቂ? ገዥው አልሰደበሽም። እሱ የሚያየው መኪና ነው፣ አንቺ የምታይው ልጆችሽን ነው።

ሌላው «አሁን ሞተሩን አሠርተን እንዴት ይሸጣል?» ያልሽው ነው። ያ ገንዘብ ብትሸጡትም ብታስቀሩትም አይመለስም። ጥያቄው ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ነው። ራስሽን እንዲህ ፈትኚ፦ ጋሼ የናንተ ባይሆን፣ ገንዘቡ በእጅሽ ቢሆን፣ ዛሬ በዚያ «የስድብ» ዋጋ ትገዢው ነበር? መልሱን ለኔ አትጻፊልኝ። ለባለቤትሽ ንገሪው።

ከስሜት ውጪ የሆነ አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱን አላስታምመውም። ትንሿ የምትቀመጠው ከኋላ ባለው የጎን ወንበር ላይ ነው፤ ያውም ወገብ ላይ ብቻ በሚታሰር ቀበቶ። ደረትንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ የቤቱ ትንሽ ልጅ ያለ እሱ ረጅም መንገድ መሄድ የለባትም። ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ደግሞ የመገልበጥ አደጋው ይበልጣል። ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ መስመር የሚያስይዘው ዘዴ ጋሼ ላይ የለም። መካኒክ አይደለሁም። ግን ሌላው ሁሉ እስኪወሰን ድረስ ልጅቷን ከዛሬ ጀምሮ ወደ መሀለኛው ረድፍ፣ ሙሉ ቀበቶ ወዳለበት አምጧት። ትልቁ ጉልበቱ ይጥበብበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማስታወቂያው ይውረድ። ለዘላለም አይደለም፤ ለሁለት ወር። ባለቤትሽ «ሁለት ወር ብቻ» የሚለውን ከቀን ጋር ከሰማ የሚስማማ ይመስለኛል። እሱን ያስፈራው «በጭራሽ» የሚለው ቃል ነው።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ያን ሌሊት ተራ በተራ ተናገሩት። እሱ ይጀምር። አንቺ አታርሚው፣ «ኧረ እንዲያ አልነበረም» አትበይ። ዝም ብለሽ ስሚ። ከዚያ ያንቺን ስማው በይው። ለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ሰዓት ውስጥ «መሸጥ» የሚል ቃል አይነሳ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስለ መኪናው አይደለም፣ ስለ ጉዞው ነው። በሚመጡት ሦስት ዓመታት በእርግጥ ጉዞ ልትሄዱ ነው? የት? በየትኛው ወር? ማን ማን? ትልቁ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቤት ይወጣል። ድንኳኑን አሁንም ትወጂዋለሽ ወይስ ወገብሽ ተቃውሟል? ወረቀት ላይ አስፍሩት። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ዘልሎ ስለ መኪናው ይከራከራል፤ ከዚያ ለማይሄድበት በረሃ መኪና ያስቀምጣል፣ ወይም ለሚሄድበት በረሃ የከተማ መኪና ይገዛል። ጉዞ አለ ከተባለ፣ ፍርሃት ሳያስይዘው የሚነዳው መኪና ለባለቤትሽ ያስፈልገዋል። ያ ጋሼ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ጉዞ የለም ከተባለ ደግሞ፣ ያኔ የምታለቅሽው ለሌላ ነገር መሆኑን ታውቂዋለሽ። አልቅሺ። አብሮሽ ያልቅስ።

መኪናውን ለሁለታችሁም ወዳጅ ያልሆነ መካኒክ ይየው። እንዲህ ዓይነት መኪና አካሉ የተጫነው ሻንሲው ላይ ነው። የበር ዝገት ይጠገናል፤ ሻንሲው ከተበላ ግን ወሬው ሌላ ነው። የጎማዎቹንም ዕድሜ ይይ። ጥርሱ ሳያልቅም ላስቲክ ያረጃል። የሱ መልስ ከሁለታችሁ ክርክር ብዙውን ይቆርጠዋል።

ልትሸጡ ከወሰናችሁ፣ ከገዥ ጋር አንቺ አትደራደሪ። ትጣያለሽ። «የመጨረሻ ጉዞ» የሚባለውንም በዚህ የሚግል ሞተር ሩቅ አታድርጉት፤ ለእሱ ያን ሌሊት መድገም ነው የሚሆንበት። ቅርብ ሂዱ፣ በቀን ተመለሱ። ፎቶ አንሱ፤ ከውጭ ቆሞ የሚያምረውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙ የፈሰሰበትን ወንበር፣ ልጆቹ በሚስማር የጫሩትን በር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ላይ፣ ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ካላነሱት ይልቅ ዕቃውን ለሌላ ለመስጠት ቀሏቸዋል። የወንበሩን ልብስ ግን ፎቶ አይተካውም፤ አውልቀሽ አስቀሪው። ለገዥው ሌላ ይልበስበት።

ስለ ትንሿ አንድ ነገር ልበል። ከሁሉም ትንሽ የምታስታውሰው እሷ ናት፣ ከሁሉም የምታለቅሰው ደግሞ እሷ። አያስገርምም። ወንድምና እህቷ ታሪኩን ኖረውታል፤ እሷ ስትሰማው ነው ያደገችው። ተራዋን ስትጠብቅ ባቡሩ ሊሄድባት ነው። ስለዚህ «መኪና እኮ ነው የኔ ልጅ» አትበያት። «በሚቀጥለው የት እንሂድ?» ብለሽ ጠይቂያት። አንድ ጉዞ እሷ ትምረጥ። መሸጥ አለመሸጡን ግን አታስወስኗት፤ ያ ሸክም የሁለታችሁ ነው።

በደብዳቤሽ ግርጌ በትንሹ የጻፍሽውን ጥያቄ አልረሳሁትም። «ሌላ ከገዛን ጋሼ እንበለው?» ብለሻል። አትበሉት። ጋሼ አንድ ነው። አዲሱ እስኪለመድ «መኪናው» ይባል። የመጀመሪያው «ጋሼ» የተባለው ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት ነው ብለሽኛል። ለዚህኛውም ስም አውጪዋ ትንሿ ትሁን፤ ከተጓዘችበት በኋላ።