መጀመሪያ ሆዷን እዩ፦ የማሆጋኒ ጀልባ ለሚያድሱ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አሮጌ የእንጨት ፈጣን ጀልባዎች ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዙሪያ ከሚኖሩ አንባቢዎች ሲሆን አንዱ ከባሕር ዳር ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከሚኒሶታ፦ «ጎተራ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ባለ 17 ጫማ ክሪስ-ክራፍት ጀልባ ገዛሁ። ቫርኒሿ ተላልጧል። እሱን ፍቄ ልጀምር? የተሠራችበትን ዓመትስ እንዴት አውቃለሁ?»

ቫርኒሹን ለጊዜው ይተዉት፤ እሱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምርና ላይዋ የሚያበራ፣ ሆዷ የበሰበሰ ጀልባ ይዞ ይቀራል።

ወስፌ፣ ትንሽ መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥሯ ይግቡ። ጣውላውን በመዶሻው ቀስ እያሉ እየመቱ ያዳምጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እህል የሞላ ጆንያ እንደመምታት ነው። በተጠራጠሩበት ቦታ ወስፌውን ይጫኑ፤ ያለ ትግል ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሰመጠ ያ እንጨት መቀየር አለበት። በተለይ ሦስት ቦታ አይዝለሉ፦ የኋላው ግድግዳ ታችኛ ማዕዘኖች፣ የፊቱ ምሰሶ ከኪሉ (ከአከርካሪዋ) ጋር የሚጋጠምበት፣ እና የጎኑና የሆዱ ጣውላዎች የሚገናኙበት ጠርዝ። እንጨት ጀልባን የሐይቁ ውሃ አበሰበሰው ሲባል ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ከላይ የሚገባው ዝናብ ነው፤ ወርዶ ማዕዘን ውስጥ ይተኛል፣ አየር አያገኘውም። ለዚህ ነው ጎተራ ውስጥ የደረቀች ጀልባ ውጭ በላስቲክ ታፍና ከኖረችው የምትሻለው።

ቀጥሎ ቅርጿን ይመርምሩ። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወስደው፣ ከኋላ ጫፍ ወደ ፊት፣ ከሆዷ ጋር ያጋጥሙ። ስትሮጥ ውሃው ላይ የምትንሸራተተው በዚህ ክፍል ስለሆነ ቀጥ ማለት አለበት። ማስመሪያው ሁለቱን ጫፎች ነክቶ መካከሉ ላይ ብርሃን ካሳየ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አፍንጫዋ ውሃው ላይ ይደፋል፣ ፍጥነቷም ይወርዳል። ማስመሪያው መካከሉ ላይ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ደግሞ ሆዷ ተነፍቷል ማለት ነው፤ ስትፈጥን አፍንጫዋ ብድግ ዝቅ እያለ ያስቸግራል። ለዓመታት በሁለት ድጋፍ ብቻ የተቀመጠች ጀልባ እንዲህ ብትጣመም አይገርምም። አንድም ብሎን ሳይፈቱ በፊት ኪሏን በየሜትሩ ደግፈው፣ በክሪክ ቀስ በቀስ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ልኳ ይመልሷት። ጣውላው ከተነሳ በኋላ ለማቃናት መሞከር ቤት ጣሪያው ከተነሳ በኋላ ምሰሶ እንደማቃናት ነው።

ዓመቷን በተመለከተ፣ በእንጨቱ ላይ የተመታ የአካል ቁጥር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ክዳን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል። ከሞተሩ ቁጥር ጋር ግን አያምታቱት። ሚሺጋን ውስጥ አልጎናክ ላይ የተመሠረተው የክሪስ-ክራፍት ጀልባ ኩባንያ መዛግብት ዛሬ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ በሚገኘው የመርከበኞች ሙዚየም ይገኛሉ። ቁጥሩን ልከው የጀልባዋን የፋብሪካ ካርድ ቅጂ መጠየቅ ይችላሉ፤ መቼ እንደወጣችና በምን ሞተር እንደወጣች የሚነግርዎ እሱ ነው። ይህን ከማወቅዎ በፊት ሞተር አይሽጡ፣ አይግዙ።

ከዊስኮንሲን፦ «የደረቀች ጀልባ ስንጥቋ እንዲገጥም ተጎታች ላይ እንዳለች ውስጧን ውሃ ሙላው ተባልኩ። ልሙላ?»

አይሙሉ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲቆም 600 ኪሎ ነው። ጀልባ ክብደትን የምትችለው ውሃ ከታች ሲደግፋት እንጂ ሁለት የተጎታች ድጋፍ ላይ ተቀምጣ አይደለም። ጎድኖቿ ይሰነጠቃሉ። ይልቅ ወለሉ ላይ እርጥብ ጆንያ አንጥፈው ለጥቂት ቀናት ያርጥቡት። ከዚያ ውሃው ላይ በማንሻ ቀበቶ ተይዛ፣ ሁለት ፓምፕ ተደቅኖላት፣ ሁለት ሦስት ቀን ትቆይ። ከዚያ በኋላም ማፍሰሱን ካላቆመች ችግሩ ድርቀት አይደለም፤ ቀጣዩን መልስ ያንብቡ።

ከሚሺጋን፦ «ሆዷን ሙሉ በሙሉ መቀየር አለብህ ተብያለሁ። እንደ ፋብሪካው በሸራ ላድርገው ወይስ በዘመናዊው ማሸጊያ?»

ፋብሪካው ሆዱን የሚሠራው በሁለት ድርብ ነበር። ውስጠኛው ስስ ጣውላ በሰያፍ ይደረደራል፣ በላዩ በማሸጊያ የተነከረ ሸራ ይነጠፋል፣ ውጭኛው ጣውላ በርዝመት ይመጣል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ሸራው ግን ያረጃል፣ እንጨቱም በብርዱ ወራት ከውሃ ወጥቶ እየደረቀ፣ በሙቀቱ ወራት ውሃ ላይ እየጠጣ ብሎኖቹን ያላላቸዋል። ጀልባዋ ለሙዚየም ወይም ጥብቅ የፋብሪካ አሠራር ለሚጠየቅበት ውድድር ካልሆነች፣ ምክራችን 3ኤም 5200 የሚባለው ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ነው። ሲደርቅ እንደ ጎማ ስለሚሆን እንጨቱ ሲላወስ አብሮ ይላወሳል። በየዓመቱ ውሃ ማጠጣት ሳያስፈልግም ጀልባዋ ከተጎታች ወርዳ ወዲያው ትሄዳለች። ጠንካራ ኢፖክሲ ሙጫ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ እንጨቱ ሲያብጥ ሙጫው አይከተለውም፣ አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም።

አሮጌውን ሲያነሱ አይቸኩሉ። የብሎኖቹን ራስ የሸፈነው የእንጨት ቡሽ ነው፦ መካከሉን በትራፓኖ በቀጭኑ ይብሱና ትንሽ ብሎን ያስገቡበት፤ ጫፉ የታችኛውን ብሎን ራስ ሲነካ ቡሹ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። የብሎኑን መክተቻ አጽድተው ካቻቪቴውን ከመጠምዘዝዎ በፊት ላዩን በመዶሻ መታ ያድርጉት። እምቢ ካለ በመበየጃ ብረት ያሙቁት። የወጣውን ብሎን ይስበሩት፦ ውስጡ ቢጫ ሳይሆን ሮዝ ከሆነ ዚንኩ ታጥቦ ወጥቷል፤ የቀሩትም ወንድሞቹ እንደዚያው ናቸውና ሁሉም ይቀየሩ። በምትካቸው ሲሊኮን ነሐስ ይግዙ። የማይዝግ ብረት የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥብ እንጨት ውስጥ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ፣ ከውስጥ ይበላል። የአዲሱን ብሎን ጥርስ ሰም ያስነኩት፤ ሳሙና እርጥበት ይስባል።

የተነሳውን ጣውላ ሁሉ ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ፤ የበሰበሰም ቢሆን ለአዲሱ መለኪያ ነው። ጎድኖቹን አንድ በአንድ፣ አንዱን ቀይረው ሳይጨርሱ ሌላውን ሳይነኩ ይሥሩ። ኪሉና የጎን ጠርዙ ሲያልቁ ብቻ ወደ ጣውላው ይሂዱ። እያንዳንዱን አዲስ እንጨት በስድስቱም ፊቱ በሚሰርግ ቀጭን ኢፖክሲ፣ አልጠጣም እስኪል ድረስ ይቀቡት፤ ሟሚው እንዲተን ሁለት ሦስት ቀን ይስጡት። ውስጠኛው ድርብ 6 ሚሊ ሜትር የባሕር ኮምፔርሳቶ ቢሆን እንመርጣለን። ከዚያ 5200ውን የሴራሚክ ሠራተኞች ሙጫ በሚያሰራጩበት ጥርሳም ቆርቆሮ፣ 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ባለው፣ ያሰራጩ። ጥርሱ ግማሹን ስለሚያስቀር ውፍረቱ በአማካይ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ17 ጫማ ጀልባ ሆድ 7.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 11 ሊትር ገደማ፣ ወይም 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ቱቦ 40 ያህል ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ለአንድ ጣውላ የሚበቃ ብቻ ያሰራጩ፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ማሸጊያው በጠርዙ ሁሉ መውጣት አለበት፤ ካልወጣበት ሥር አየር አለ። ለመድረቅ አንድ ሳምንት ይተዉት። እጅዎ ላይ ከደረቀ ቆዳ ይዞ ነው የሚላቀቀው፤ ጓንት አይርሱ።

ስለ እንጨቱ፦ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ የተሠሩበት «የፊሊፒንስ ማሆጋኒ» ከእውነተኛው ማሆጋኒ ወገን አይደለም። የሆንዱራሱ ማሆጋኒ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው። ሳፔሌ የሚባለው እንጨት ለሆድ ጥሩ ምትክ ነው፤ ቀለም ስለሚሸፍነው ማንም አይለየውም።

ከሲያትል፦ «አዲሱ ቫርኒሽ ጉም ለበሰ። ቡሾቹም እንደ ነጠብጣብ ጎልተው ታዩ።»

ጉሙ እርጥበት ነው። ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ቀብተው ሳይደርቅ ጤዛ ደርሶበታል። ያንን ድርብ በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያንሱት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠዋት ይጀምሩና ቢበዛ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ይጨርሱ። የሚያቃጥል ፀሐይም አይሆንም፤ ላዩ ቶሎ ይሸፈንና ከሥሩ የታፈነው ሟሚ አረፋ ያወጣል።

የቡሾቹ ምክንያት ሌላ ነው። ከሱቅ የተገዙ ከሆኑ የሌላ ዛፍ ናቸው፤ ከዚያው ጣውላ ትርፍራፊ ይቁረጧቸው፣ ሲያስገቡም ክራቸውን (የእንጨቱን መስመር) ከጣውላው ክር ጋር ያስተካክሉ። በኢፖክሲ ሳይሆን በቫርኒሽ ያጣብቋቸው፣ አንድ ቀን ብሎኑ ይፈለጋልና። በመሮ ሲቆርጡ መጀመሪያ ከፍ አድርገው ግማሹን ይቁረጡና ክሩ ወዴት እንደሚወርድ ይዩ፤ ካላዩ ስንጥቁ ከጣውላው በታች ይገባል።

አሁን እስከ እንጨቱ መውረድዎ ስለማይቀር ቅደም ተከተሉ ይኸው። አሮጌውን በሙቅ አየርና በተሳለ መፋቂያ ያንሱ፤ የሚሽከረከር ማሽን የሚያወጣው ሞገድ ከቫርኒሽ በኋላ እንደ መስታወት ይጋለጣል። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ በደንብ አጥበው ያድርቁት፣ ሲደርቅ ዱቄቱን አይተንፍሱ። በረጅም እንጨት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ከ80 እስከ 120 ይሂዱ፤ ከዚያ ካለፉ እንጨቱ ቀለም አይዝም። ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሆጋኒ ቀለም በክሩ አቅጣጫ ይቀቡ፤ አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ ሲደበዝዝ ክሩን እያቋረጡ በጆንያ ይሹት። ሁለት ቀን ይደር። የመጀመሪያው ቫርኒሽ ግማሽ በግማሽ በቲነር ይቅጠን፣ ሁለተኛው ሩብ ያህል፣ ከዚያ ሳይቀጥን። እስከ አራተኛው ድረስ አይፈግፍጉ፤ የታችኛው ቀለም ከተነካ የተነካው ቦታ ለዘለዓለም ይታያል። ከአሥር ድርብ በታች ከሆነ ገና አልጨረሱም።

ከባሕር ዳር፦ «በሥዕል ያየሁትን የድሮ ፈጣን ጀልባ መልክ በትንሹ፣ በ4 ሜትር ልሠራ ነው። ዋንዛ ይሆናል? 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበቃል?»

ለአካሏ ኮምፔርሳቶ ይጠቀሙ፦ ለሆድ 9፣ ለጎን 6 ሚሊ ሜትር። ሲገዙ ቁራጭ ይለምኑና ቤት ወስደው አንድ ሰዓት ያፍሉት፤ ከተገነጣጠለ ያ ሱቅ ይቅርብዎ። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ግን አንዴ ከጠጣ አይመለስምና ጠርዙን ሁሉ በኢፖክሲ ሦስት ጊዜ ይቀቡ። ሁለት ሉህ ሲቀጥሉ በሰያፍ፣ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ያህል አስረዝመው ይላጉት፤ ለ6 ሚሊ ሜትር 48 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ዋንዛ ለላይኛው ገጽ፣ ለወንበርና ለዳሽቦርድ ያምራል፣ ከቫርኒሽ ሥር ከማሆጋኒ ብዙም አይርቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ስለሆነ ግን ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አይግዙ።

ሞተሩ ይበቃል፤ ጣና ላይ ግን 40 አይደለም። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የሚቀርልዎ 33 አካባቢ ነው። አብሮት የመጣው ፕሮፔለር ለባሕር ጠለል የተመረጠ ስለሚሆን ሞተሩን ያንቀዋል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ አምራቹ የጻፈውን የዙር ቁጥር ካልደረሰ፣ ርምጃው (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) በ1 ወይም 2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ይግጠሙ።

ከኒውዮርክ፦ «ሁሉም አልቆ ውሃ ላይ ስትወርድ ትንቀጠቀጣለች።»

ሞተሩን ያስተካከሉት ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ይሆናል። ጀልባ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ቅርጿ በጥቂቱ ይለወጣል። ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ላይ ትዋል፤ ከዚያ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ የሚያገናኙትን ሁለት ክብ ብረቶች ብሎን ፈትተው ያቀራርቧቸው። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ይለኩ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ብረት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ዘንጉን ሩብ ዙር አዙረው እንደገና ይለኩ፦ ሰፊው ክፍተት ቦታው ላይ ከቀረ የሞተሩ እግር ይስተካከላል፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ ከዞረ ግን ዘንጉ ራሱ ታጥፏልና ወደ ማሽን ቤት ይሄዳል።

እግረ መንገድዎን ዘንጉ ከአካሏ የሚወጣበትን ማሸጊያ ይዩ። ስትሄድ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ማንጠባጠቡ ጤና ነው፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። ጭራሽ እስኪደርቅ የሚያጠብቁ ሰዎች ዘንጉን ያስፍቁታል። ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው በእጅዎ ይንኩት፤ ለብ ካለ ይተዉት፣ ካቃጠለ ዳዶውን በጥቂቱ ያላሉት።