ሥዕሉ ሥር ማን ብለን እንጻፍ? «ቀይ ቀበሮ» ወይስ «ተኩላ»?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ 5ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ለክፍላችን ግድግዳ የአገራችንን ብርቅዬ እንስሳት ሥዕል እየሠራን ነው። አንዷ ላይ ስም መጻፍ አቃተን። አንዱ ልጅ ‹ቀይ ቀበሮ ናት› አለ። ሌላዋ ‹በእንግሊዝኛ ኢትዮጵያን ዎልፍ ስለምትባል ተኩላ ናት› አለች። ኩታበር ያሉት አያቴን ስጠይቃቸው ደግሞ ‹ተኩላማ ሌላ ነው፣ በመንጋ የሚሄደው ነው› አሉኝ። የቱ ነው ልክ? ‹የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ› የሚለውስ አባባል የእኛ ነው? ወንድሜ በበኩሉ ፌስቡኩ ላይ ‹ብቸኛ ተኩላ ነኝ› ብሎ ለጥፏል። ይህስ አማርኛ ነው?»

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ግራ የተጋባችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ሥዕሉ ሥር «ቀይ ቀበሮ» ብላችሁ ጻፉ። ልጅቷም ግን አልተሳሳተችም። አያትሽም እውነታቸውን ነው።

ከአያትሽ ልጀምር። በአማርኛ ተኩላ የሚባል የዱር አውሬ አለ። ጆሮው ትልቅና ክብ ነው። ገላው ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ነው። ብቻውን አያድንም፣ በመንጋ ነው የሚያሳድደው። ሳይንሱ ሊካዎን ፒክተስ ይለዋል። እ.አ.አ. በ1820 መጀመሪያ ስም ያወጣለት የኔዘርላንድ ሊቅ ከጅብ ወገን መስሎት ነበር። ስለዚህ አያትሽ «በመንጋ የሚሄደው» ሲሉ ከአንድ የአውሮፓ ሊቅ በላይ ለይተውታል።

መጽሐፍ ላይ የምናነበው ተኩላ ግን ሌላ ነው። እሱ የእነ አውሮፓና የእስያ ግራጫው ተኩላ ነው። አገራችን ውስጥ የለም። ቃሉ ግን በግእዝም «ተኵላ» ነው፣ ነቢያቱንና ወንጌሉን ይዞ መጥቷል። ስለዚህ አንዱ ቃል ሁለት አውሬ ተሸከመ፤ አንዱ የሜዳ፣ አንዱ የመጽሐፍ። ደሴ ከተማ ያደገ ልጅ «ተኩላ» ሲባል የሚመጣበት የመጽሐፉ ነው። አያትሽ ዘንድ የሚመጣው የሜዳው ነው።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ልበል። ድሮ «ተኵላ» ነበር የሚጻፈው፣ ዛሬ «ተኩላ» ብንል ነውር የለበትም። ተማሪዎችሽን ግን በዚህ ልታስደስቻቸው ትችያለሽ፦ «ሙሽራዋ ተኩላ ወጣች» ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ይደነግጣሉ። ከዚያ «ተኳለች» ከሚለው ግስ የመጣ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ዓይኗን ኩል ተኩላ ማለት ነው። ከአውሬው ጋር ዝምድና የለውም። አጋጣሚ አንድ አደረጋቸው እንጂ።

አሁን ወደ ቀበሮ። ቀበሮ ለየት የሚለው ጾታው ላይ ነው። አማርኛ ትንንሾቹን እንስሳት በሴት ይጠራል፤ አይጧ፣ ጥንቸሏ፣ ድመቷ። ቀበሮም እንደዚያው ናት። ተኩላ ግን «ይነጥቃል» ነው፣ ወንድ ነው። ወንጌሉ ላይ ጌታ ስለ ሄሮድስ ሲናገር «ለዚያች ቀበሮ» ይላል። ሄሮድስ ገዢ ነው፣ ጢም ያለው ሰው ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን «ለዚያ ቀበሮ» ቢባል ቃሉ ጣዕሙን ያጣል። ብልጠትና ትንሽነት በአንዲት «ች» ገብተዋል። ግእዙ ለዚህች እንስሳ ሌላ ቃል ነው ያለው፣ «ቊንጽል» ይላታል። «ቀበሮ»ን ያመጣነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፋችን ነው።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ ውጭም ሲሠራ አይቻለሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቼ ወደ ቦረና ሳይንት ወጣሁ። እዚያ ያለው ፓርክ የእኛው የደቡብ ወሎ ነው። ጠዋት ነበር፣ ውርጩ ከጓሳው ላይ ገና አልለቀቀም። ጅብራዎቹ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀይነቷ እንደ ሸክላ ነው። አንገቷ ሥር ነጭ ነው፣ ደረቷ ላይ ሌላ ነጭ መቀነት አለ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ጭራ ነው። አፍንጫዋ ቀጭንና ረጅም ነው፣ እንደ መርፌ ወደ ጉድጓድ የሚገባ። አንድ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ጆሮዎቿን ወደ መሬት አዘነበለች። እግሯን አንድ በአንድ እያነሣች ተጠጋች። ከዚያ ድንገት ዘለለች፣ በሁለት እጇ ቆፈረች፣ ዋጥ አደረገች። አለቀ።

አጠገቤ የነበረው እረኛ ልጅ በጎቹን ሰብስቦ እንኳ አልተነሣም። «ጋሼ፣ ምንም አታደርግም። አይጥ ነው የምትለቅመው» አለኝ። «አታደርግም»፣ «የምትለቅመው»። ሰዋስው ያስተማረው የለም። ግን እንስሳዋን የት መደብ ላይ እንደሚያስቀምጣት ያውቃል።

ልጅቷ ያነሣችውን ደግሞ እንይ። እ.አ.አ. በ1830ዎቹ ስሜን ተራሮች የደረሰው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፕል ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት። ካኒስ ሲመንሲስ ተባለች፣ የስሜኗ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን መርጋት አቃተው። አንዴ «የስሜን ፎክስ» አላት፣ አንዴ «የስሜን ጃካል»። እ.አ.አ. በ1994 በወጣ የዘረመል ጥናት ከግራጫው ተኩላ ወገን መሆኗ ሲታወቅ «ኢትዮጵያን ዎልፍ» የሚለው ስም ጸና። ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.አ.አ. በ2015 ሌላ ጥናት መጣ። በአፍሪካ ቀንድና በሰሜን አፍሪካ የሚኖረው፣ እንግሊዝኛው «ወርቃማው ጃካል» ሲለው የኖረው ቀበሮም ከእስያው የተለየና ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። እና ገጠር በየእርሻው ዳር የምናያት ተራዋ ቀበሮም በሳይንሱ አፍሪካዊ ተኩላ ሆነች ማለት ነው!

ይህን ሁሉ ጊዜ አማርኛው አልተናወጠም። ለአንዷ ቀበሮ፣ ለደጋዋ ቀይ ቀበሮ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አንድ ስም ሰጥቶ በቀለም ለያቸው። እኔ በበኩሌ ይህን ስም እንደ ስሕተት የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ስም የዘር ሐረግ መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። አያቶቻችን ዓይተው፣ ልማዷን አውቀው የሰጡት ነው።

«የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» ከወንጌል የመጣ ነው። ማቴዎስ 7፥15 «የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡባችሁ በውስጣቸው ግን ነጣቂዎች ተኩላዎች ከሆኑ ከሐሰተኞች ነቢያት ተጠንቀቁ» ይላል። በግእዙ በኩል ከአሥር ክፍለ ዘመን በላይ ስለኖረብን የውጭ ልለው አልደፍርም። ከአፋችን የበቀለው ግን «የቀበሮ ባሕታዊ» ነው። ልዩነቱን እይልኝ። የመጽሐፉ ተኩላ የሚቀይረው ልብሱን ነው። የእኛዋ ቀበሮ የምትቀይረው አኗኗሯን ነው። መንናለች፣ መቁጠሪያ ይዛለች፣ በጎቹ መሀል ሆና ትጸልያለች። ባሕታዊ ምን እንደሆነ ያላየ አገር ይህን አባባል ሊፈጥር አይችልም። ሁለቱንም ተጠቀሚ። ልጆቹን ስታስተምሪ ግን ሁለተኛውን አትርሺው፣ እየተረሳ ነው።

ተኩላ በሃይማኖት ውስጥ ያለው ስም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነው። ብንያም እንኳ በአባቱ ምርቃት «ነጣቂ ተኩላ» ተብሏል። ኢሳይያስ ግን «ተኩላ ከበግ ጠቦት ጋር ይቀመጣል» ሲል የሰላም ምልክት አደረገው። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከብበው የምናያቸው አናብስትና አናብርት ናቸው፣ ተኩላ እዚያ የለም። ሌሊት የሚፈራው፣ ቡዳ ተለውጦ ይሆነዋል የሚባለው ደግሞ ጅብ ነው። ሌላው ዓለም ለተኩላ የሰጠውን ቦታ እኛ ለአንበሳና ለጅብ አካፍለነዋል። ሮማውያን መሥራቾቻችንን ተኩላ አጠባቻቸው ብለው ይተርካሉ። ሞንጎሎች የዘራችን መነሻ ግራጫ ተኩላ ነው ይላሉ። እኛ እንዲህ ያለ ተረክ አያስፈልገንም ነበር፣ አንበሳ አለን።

አንድ ታሪክ ግን ልቤን ይነካዋል። ደሴ ላይ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ያውቀዋል። በሱረቱ ዩሱፍ አባትየው ያዕቆብ ልጄን ተኩላ ይበላብኛል ብሎ ይፈራል። ወንድሞቹም ይህንኑ ፍርሃቱን ይዘው፣ ቀሚሱን የሐሰት ደም ቀብተው መጡ፤ ተኩላ በላው አሉ። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ «ክፉ አውሬ» ነው የሚባለው፣ ተኩላ ተብሎ በስም አልተጠራም። በሁለቱም ዘንድ ግን አውሬው ምንም አላደረገም። ዓረቦች ንጹሕ ሰውን «ከያዕቆብ ልጅ ደም እንደ ተኩላው ንጹሕ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ሰው የሠራው በደል አውሬ ላይ ተላከከ።

ለቀይ ቀበሮ «ተኩላ» የሚለውን ስም የማልሰጣትም በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛ ተኩላ ብቻውን አይሄድም፣ «ነጣቂ» ይከተለዋል። እረኛ «ተኩላ መጣ» ሲባል ዱላ ያነሣል። እሷ ግን ከ11 እስከ 19 ኪሎ የምትመዝን ቀጭን ፍጥረት ናት። ባሌ ላይ በተደረገ ጥናት ከምትበላው ከ90 በመቶ በላይ አይጥና ፍልፈል ነው። እኛ አካባቢ አልፎ አልፎ ግልገል መንካቷ አይካድም። ገበሬው የሚያዝነው በከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ግን ወደ 500 ብቻ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የምትኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከደሴም ብዙ ከፍ ብሎ። የገብሱ እርሻ ወደ ላይ እየወጣ ቦታዋን ይቀንሰዋል። ከውሾቻችን የሚሻገረው የእብድ ውሻ በሽታም ይጨርሳታል። እንዲህ ያለች ነፍስ ላይ ተጨማሪ ክፉ ስም አልጭንም።

ደግሞ መንዝ ጓሳ ላይ የታየውን ስሚ። ቀይ ቀበሮዋ በጭላዳ መንጋ መሀል ቀስ ብላ ትገባለች። ጭላዳዎቹ አይሸሿትም። እሷም ግልገሎቻቸውን ትታ አይጥ ታድናለች። እዚያ መሀል ሆና ስታድን 67 በመቶው ይሳካላታል፣ ብቻዋን ስትሆን 25 በመቶ ብቻ። እ.አ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነው። ስለ እሷ የምንለው «የቀበሮ ባሕታዊ» እዚህ ላይ ተገለበጠ። ለኢሳይያስ ቃል በዓይኔ ላየው የምመኘው ምሳሌ ይህ ነው።

የወንድምሽን ነገር አልረሳሁም። «ብቸኛ ተኩላ» ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን ትርጉም አይሰጥም። አማርኛ ብቻውን ለሚኖር ሰው «ብቸኛ»፣ «ባይተዋር»፣ «የብቻ ሰው» ይላል። እንስሳውም እንደዚያ አይደለም። ብቻውን የሚታይ ተኩላ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ ጓደኛ የሚፈልግ ጎረምሳ ነው። ቀይ ቀበሮማ ምግቧን ነው ብቻዋን የምትለቅመው። ንጋትና ምሽት ላይ ከቤተሰቧ ጋር ተሰባስባ ድንበሯን ትዞራለች። ቡችሎቹንም ሁሉም ተባብረው ያሳድጋሉ። ወንድምሽ ለቤቱ ሰው የሚያስብ ልጅ ከሆነ ይህ ሳይመቸው አይቀርም።

ስለዚህ በትልቁ «ቀይ ቀበሮ» በሉ። ከሥሩ በትንሹ «ከተኩላ ወገን ናት» ብላችሁ ጨምሩበት፣ ልጅቷ እንዳትከፋ። «ናት» የምትለዋን አትለውጧት። አያትሽንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ በልጅነታቸው ቀይ ቀበሮን ኩታበር ላይ ሌላ ስም ሲጠሯት ሰምተው ያውቃሉ? የነገሩሽን እንዳለ ጽፈሽ ላኪልኝ።