«ማዘር፣ እየተጫወትን እኮ ነው!»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የ11 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ከራሱ አንደበት የሚወጣው ቃል ጥቂት ነው፤ የሰማውን ግን አንድም ሳያስቀር ይደግመዋል፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከነዜማው ይወጣዋል። ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ አይችልም፣ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ይላል። እኛ ብሎክ የ15 ዓመት ጎረምሳ አለ። ከጓደኞቹ ጋር ደረጃው ሥር ይቀመጡና ልጄ ሲያልፍ ሙድ ይይዙበታል። ጆሮው ሥር ያጨበጭባሉ። ስድብ እየነገሩ ያስደግሙታል። ባለፈው ያስጠኑትን ስድብ ለአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነገራቸውና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይሄም አልበቃ ብሎ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለጠፉት። ባለቤቴ «ልጁን ከቤት አታስወጪው» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «አንድ ጥፊ ነው የሚያስፈልገው» ባይ ነው። የጎረምሳው እናት እድራችን ውስጥ ናት፣ ቡና አብረን እንጠጣለን። ልጁን ራሱን ላናግረው ወይስ ለእናቱ ልንገር? ምንስ ብዬ ልጀምር? እጄን እንዳላነሳበት እፈራለሁ።
ስሜ ይቆይ፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁን ራሱን አናግሪው። ከእናቱም በፊት።

ብዙ ሰው «መጀመሪያ ለወላጅ ይነገር» እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን እስኪ አስቢው፤ ነገሩ በእናቱ በኩል ከደረሰው ማታ ቤት ውስጥ ይገረፋል ወይ ይጮኹበታል፣ በነጋታው ያንን ሁሉ ንዴት ይዞ ደረጃው ሥር ይቀመጣል፣ እዚያ ደግሞ ትልቅ ሰው የለም፣ «አንተ ነህ ያስደበደብከኝ» ብሎ የሚበቀለው ያንን መናገር የማይችል ልጅሽን ነው። 15 ዓመት የሞላው ሰው ስለሠራው ነገር ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ሕጋችንም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፣ ከ9 እስከ 15 ላሉት የተለየ አያያዝ አለው፣ 15 ካለፈ በኋላ ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል እንጂ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚጠየቀው። ይሄን የምነግርሽ ልታስፈራሪው አይደለም። «ልጅ እኮ ነው» የሚሉሽን ሰዎች ብዙ እንዳትሰሚ ነው።

ከማናገርሽ በፊት ግን ቪዲዮውን ስልክሽ ላይ አስቀሪው። የለጠፈበትን ገጽና ቀኑን ስክሪን ሹት አድርጊ። አንዴ ካጠፋው ማስረጃ የለሽም፣ «የቱ ቪዲዮ?» ይልሻል።

ቦታው ወሳኝ ነው። በጓደኞቹ ፊት ከሆነ ተሸንፎ መታየት ስለማይፈልግ መልስ ይመልሳል፣ እነሱ ይስቃሉ፣ አንቺ ትናደጂያለሽ፣ እጅሽም የሚነሳው ያኔ ነው። ቤት አስገብተሽ በር ዘግተሽም አይሆንም፤ ነገ ሌላ ወሬ ይመጣል። ግቢ ውስጥ፣ ሰው የሚያያችሁ ግን የማይሰማችሁ ቦታ ላይ፣ ከሱቅ ሲመለስ ወይ ከትምህርት ቤት ሲገባ ብቻውን ስታገኚው አስቁሚው። ወንድምሽን ይዘሽ አትሂጂ! የሱ ጥፊ ልጁን ከሳሽ፣ እናንተን ተከሳሽ ከማድረግ ሌላ ምንም አይፈይድም።

ንግግሩ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። በስሙ ጥሪው። «አንተ ባለጌ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ባለጌ ካልሽው ስለ ባለጌነቱ ነው የምትከራከሩት። የሠራውን ብቻ ቁጠሪለት። «ጆሮው ሥር አጨበጨብክበት። ስድብ አስጠናኸው። ቀርጸህ ለጠፍክ። ይሄ ዛሬ ያበቃል። ቪዲዮውን አሁን፣ እኔ እያየሁ አጥፋው።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ቢሆንም ዝም በይ።

የሚመልስልሽን ከአሁኑ ልንገርሽ። «ማዘር፣ እየተጫወትን እኮ ነው፣ እሱም ይስቃል» ይላል። ይሄ ላይ ብዙ ወላጅ ይረታል፣ ምክንያቱም ልጁ እውነትም ይስቃል። ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ሲጨነቁ ወይም ግራ ሲገባቸው ይስቃሉ፣ ሳቁ የደስታ አይደለም። ጓደኛ ማግኘት የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ከበው ሲስቁ አብሮ ይስቃል፣ የሚሳቀው በእሱ እንደሆነ አይገባውም። ስለዚህ መልስሽ አጭር ይሁን፦ «ሲስቅ ሳይሆን ጆሮውን ሲይዝ እየው። ያ ጭብጨባ ለእሱ ያማል።» እውነት ነው፣ ያማል። ለእኛ ተራ የሆነ ድምፅ ለእነዚህ ልጆች ከሚችሉት በላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ ስለ ኦቲዝም ሌክቸር አትስጪው። በተለይ «በሽተኛ ነው፣ እዘንለት» እንዳትዪው። ልጅሽ በሰላም ደረጃ ለመውረድ የማንንም ሐዘኔታ መለመን የለበትም። ደግሞም ጎረምሳ «በሽተኛ» የሚለውን ቃል ከአንቺ ከሰማ ነገ ቅጽል ስም ያደርገዋል።

እዚያው ዕለት፣ ልጁ የራሱን ታሪክ አሳምሮ ሳይነግራት፣ እናቱ ጋ ሂጂ። ቡና ላይ አይደለም፣ ሌላ ሰው ፊት አይደለም። በሩን አንኳኪና ቪዲዮውን አሳያት። ብዙ ሳትናገሪ ዝም ብለሽ አሳያት። «እኔ አናግሬዋለሁ፣ የሠራው ይሄን ነው፣ እባክሽ አትምቺው ግን ተከታተዪልኝ» በያት። ይቺ «አትምቺው» የምትለዋ ነገር ጥቅም አላት፤ ከሳሽ ሆነሽ እንዳልመጣሽ ያኔ ይገባታል። «አንቺስ ልጅሽን ለምን ብቻውን ትለቂዋለሽ?» ልትልሽም ትችላለች። አትቆጪ። «ግቢው የእሱም ግቢ ነው» በያት፣ በቃ።

ባለቤትሽ ያለውን ግን አልቀበልም። ቤት የተዘጋባቸው ልጆች በዚህ አገር ስንት እንደሆኑ ማን ቆጠራቸው? ወላጅ «እርግማን ነው» መባልን ፈርቶ ልጁን ከጎረቤት ሲደብቅ ኖሯል። ዘሚ የኑስ ለራሷ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ብታጣ ነው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው፤ ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለ ልጇ በግልጽ ስታወራ ብዙዎቻችን ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላም ነህምያን የመሰሉ ማዕከላት መጥተዋል። አሁን አጨብጭበው ያስቸገሩ ልጆች ስላሉ ልጅሽን ቤት ብትዘጊበት የተቀጣው እሱ ነው። ለጥቂት ሳምንት አብረሽው ውረጂ፣ እሺ። ግን ይውረድ።

አሮጊቷ ጋም ሂጂ። ይቅርታ ልትጠይቂ ሳይሆን ልታስረጂ። «የሰማውን ነው የሚደግመው፣ ትርጉሙን አያውቀውም፣ ያስጠኑት ልጆች ናቸው» ብትያቸው፣ እመኚኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ሥር የሚሆነውን በመስኮት የሚጠብቅልሽ እሳቸው ናቸው። ለብሎኩ ጥበቃም ንገሪው። ከጎረምሶቹ መካከልም ሲስቁ አንገቱን የሚደፋ አንድ አይጠፋም፤ እሱን ለይተሽ «እንዲህ ሲያደርጉት ጥራኝ» ብትዪው ይጠራሻል።

የመድገም ችሎታውንም ተጠቀሚበት። ስድብ ማስጠናት ከቻሉ አንቺም «ተው! አልፈልግም!» ማስጠናት ትችያለሽ። ቤት ውስጥ እየተጫወታችሁ፣ ሁሌም በአንድ ዓይነት ቃል፣ ሁሌም በአንድ ዓይነት ድምፅ ተለማመዱት። ብሎ ሲጨርስ የት እንደሚሄድም አሳዪው፣ ወደ ጥበቃው ወይ ወደ ባለሱቁ፣ መንገዱን አብረሽው እየሄድሽ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካላቆመስ? ቪዲዮውን ካላጠፋው ቲክቶክ ላይ ሪፖርት አድርጊው፣ ሌሎችም ሪፖርት ያድርጉልሽ። ከዚያ ብሎክ ኮሚቴውና የእድር ሽማግሌዎች አሉ። እጁን ካነሳበት ግን ሽምግልና አትጠብቂ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂጂ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱ ኃላፊ ነው፤ ይሄን የሚያውቅ አባት ልጁን ቶሎ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ኦቲዝም ያለባት የ13 ዓመት ሴት ልጄን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልጅ አነጋገሯን እያስመሰለ ያበሽቃታል። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ፌርማታው ላይ እደርሳለሁ። እዚያው ይዤ ላናግረው አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?
አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተስ ተው። ለጀሞዋ እናት «አናግሪው» ብዬ ለአንተ «ተው» ስል ግራ እንዳይገባህ። እሷ ልጁን ከነእናቱ ታውቃለች፣ እድር አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው። አንተ ግን ለዚያ ልጅ ፌርማታ ላይ ያስቆመው የማያውቀው ሰውዬ ነህ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ፖሊስ ያስጠራል፣ ከዚያ ወሬው የልጅህ መበሸቅ መሆኑ ቀርቶ የአንተ ሆኖ ያርፈዋል።

እዚያ ያለህ ጉልበት ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤቶች የብሊንግ (ተማሪ ተማሪን ሲያስቸግርና ሲያበሽቅ የሚሞላ) ሪፖርት ፎርም አላቸው፣ ወላጅ መሙላት ይችላል። ቀኑን፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ ልጁ ያለውን ቃል በቃል ጻፍ። «አስቸገራት» ብለህ አትለፈው። እንግሊዝኛው ከከበደህ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ በነፃ ሊያቀርቡልህ ይገባል። ልጅህን አስተርጓሚ አታድርጋት፣ ስለ ራሷ ስድብ እሷ ራሷ እንድትተረጉም ማድረግ ነውር ነው።

ልጅህ አይኢፒ (አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ ለብቻው የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ካላት የአይኢፒ ስብሰባ እንዲጠራልህ በጽሑፍ ጠይቅ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለትምህርት ቤቶች በጻፈው ደብዳቤ፣ አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ሲበሸቅ ትምህርቱ ተጎድቶ እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ማየት እንዳለበት ነግሯቸዋል። አውቶቡስ ለመሳፈር መፍራት ከጀመረች፣ ውጤቷ ከወረደ፣ ማታ እንቅልፍ ካጣች ይሄንንም ጻፈው። እዚያው ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቅ፦ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ለእሷ ይያዝላት፣ አውቶቡሱ ካሜራ ካለው ደግሞ የዚያ ቀን ቅጂ ሳይጠፋ ይቀመጥ። ቦታ ይቀየር ሲሉህ ደግሞ የሚቀየረው እሱ እንጂ እሷ እንዳትሆን ተከራከር። ሌላ ወንበር ለራሷ ደስ ካላት ግን እሷን ስማ፣ 13 ዓመቷ ነው፣ የሚሻላትን ከአንተም ከእኔም በላይ ታውቃለች።